የእትዬ ዘርፌ ነዳጅ ማደያ

«ማደያ ወራጆች እዚሁ ውረዱልኝ! ወደ ውስጥ አንገባም፤ መንገዱ ላይ ድንኳን ተጥሏል» አለ ወያላው በሩን ከፈት አድርጎ።

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሰቃ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ከሰፈሩ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የዚያን ዕለት የመጣሁትም ለሌላ ጉዳይ ነበር። ግን «ማደያ» የሚለውን ስም ስሰማ ጆሮዬ ሁልጊዜ ይቆማል።

«የማን ልቅሶ ነው?» አልኩት።

«የማደያዋ ባለቤት ናቸው። ትናንት ነው ያረፉት አሉ።»

አጠገቤ የተቀመጠው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰውዬ ከንፈሩን መጠጠ። «ይገርማል! የነዳጅ ማደያ የሚያህል ሀብት ጥሎ መሄድ...» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ይሄኔ ሳቄ አመለጠኝ። ልይዘው ሞከርኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ከፊት የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ሞቶ ይሳቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። እትዬ ዘርፌ ቢያዩኝ ኖሮ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ እንዴት አቃተህ ይሉኝ ነበር።

ለሰውዬው መልስ ሳልሰጠው ስለወረድኩ እዚህ ልመልስለት። እዚያ ቦታ ላይ ነዳጅ ማደያ ኖሮ አያውቅም። የእትዬ ዘርፌ ሀብት አንድ ሰማያዊ ጀሪካን፣ አንድ የቆርቆሮ መስፈሪያ፣ አንገቱ ተቆርጦ ማፍሰሻ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩ። ቦታውን ማደያ ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። የሰየምኩትም በስህተት ነው።

እትዬ ዘርፌ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጎማ ጥገናው ቀጥሎ ባለች፣ ስፋቷ ከበሯ በማይበልጥ ሱቅ ውስጥ ላምባ ይሸጡ ነበር። ላምባ ለማያውቁ የዛሬ ልጆች፣ በኩራዝና በምድጃ የሚነደውን ነጭ ጋዝ ማለቴ ነው። ከእውነተኛው ማደያ በወረዳው ደብዳቤ በጀሪካን ያመጡና በጠርሙስ፣ አንዳንዴም በግማሽ ጠርሙስ ይቸረችራሉ። ደንበኞቻቸው አንድ ክፍል ቤት ለአራት የተከራዩ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ መንገድ ዳር ፓስቲ የሚጠብሱ ሴቶች፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ መላው ሰፈር ነው።

ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይሄዳል። ላምባ ሲቀዱ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አድርገው ነው። ልክ ከሞላ በኋላ ጀሪካኑን ትንሽ ዘንበል ያደርጉና ጠብ ጠብ አድርገው ይጨምራሉ። «ይሄ ምርቃት ነው» ይላሉ። «ምርቃት ላይ ግብር የለም። ገና አልደረሱበትም።»

እኔ ያኔ በወረዳው የግብር ቢሮ ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን ገና ያልጨረስኩ፣ የነጋዴዎችን መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ የማስገባ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰኔ ላይ ነጋዴው ሁሉ አዲስ በመጣው ሲስተም ይመዝገብ ተባለ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል። ሲስተሙ ላይ «የሥራ ዘርፍ» የሚል ሳጥን አለ። ሳጥኑ ሲጫኑት ዝርዝር ይወርዳል፤ ከዝርዝሩ መምረጥ እንጂ መጻፍ አይቻልም።

እትዬ ዘርፌ ተራቸው ደርሶ ፊቴ ተቀመጡና «ላምባ ነው የምሸጠው፣ ልጄ» አሉኝ። ዝርዝሩን ወደ ታች ወረድኩት። ፀጉር ቤት አለ። ሥጋ ቤት አለ። ወርቅ ቤት አለ። ባሕር በሌለበት አገር የመርከብ ውክልና እንኳ አለ። ላምባ የሚሸጥ ሰው ግን የለም። መልሼ ወደ ላይ ወጣሁ፤ የለም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። መጨረሻ ላይ «ነዳጅ ማደያ» የሚል አየሁ። ላምባስ ነዳጅ አይደል ብዬ ተጫንኩት። «ጨርሰዋል፣ እትዬ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሐምሌ ሲገባ የግብር ማስታወቂያው ታተመ። እትዬ ዘርፌ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከዝናቡ ጋር ተያይዘው ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ወረቀቱ ነው የተበላሸው?»

አየሁት። ዓይናቸው ደህና ነው። የተጠየቁት ግብር ሱቋን፣ ጀሪካኑንና ራሳቸውን ደርበው ቢሸጡ የማይሞላ ነበር። ወረቀቱን ለቡድን መሪያችን ለአቶ ደምሴ አቀበልኩ። አቶ ደምሴ መነጽሩን አውርዶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ዘርፌ፣ ነዳጅ ማደያ።»

እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ጌታዬ፣ እንዲህ አያይዘው አያንብቡት፣ ፖሊስ ይሰማል! ዘርፌ ስሜ ነው እንጂ ዘርፌስ አላውቅም!»

ሰልፈኛው በሙሉ ፈነዳ። እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን በቅርብ ስለነበርኩ አየሁ፤ ወረቀቱን መልሰው ሲቀበሉ ዜሮዎቹን በጣታቸው እየነኩ ይቆጥሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ሰላማዊት የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የቤት ኪራዩም፣ የልጅቷ ደብተርም፣ ሽሮውም የሚወጣው ከዚያች ጀሪካን ነው። እስከ ሐምሌ ሠላሳ ካልተከፈለ ደግሞ ሱቋ ትታሸጋለች።

«ይስተካከል እንጂ፣ ስህተት ነው» አሉ።

«ሲስተሙ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ እትዬ» አለ አቶ ደምሴ። «ቅሬታ ያቅርቡ። ባለሙያ ወርዶ ቦታውን ማየት አለበት።»

«መቼ ይወርዳል?»

«ተራ አለ። እኔ እንጃ፤ መስከረም አካባቢ።»

«ግብሩስ መቼ ነው?»

«ሐምሌ ሠላሳ።»

ትንሽ አሰቡና ፌስታላቸውን ጠቀለሉ። «ካልሆነማ ባለሙያው እስኪወርድ ማደያው ይውጣ» ብለው ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ማናችንም አልገባንም።

በማግስቱ ጠዋት ገባን። ጋሪ ተከራይተው ሱቃቸውን እንዳለ ጭነው መጡ። ዘበኛችን ጋሽ ቶላ የላምባ ደንበኛቸው ስለነበሩ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡ። እትዬ ዘርፌ ከቢሮው ደረጃ ሥር ጀሪካኑን አቆሙ። ከጎኑ መስፈሪያውን፣ ማፍሰሻውን፣ ሦስት ባዶ ጠርሙሶችን ደረደሩ። ከዚያ አንድ ጎኑ የተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው በላዩ ላይ ያዙ።

«ይሄ ጣራው ነው» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። «ይሄ የነዳጅ ጋኑ ነው። ይሄ መቅጃው ነው። ሠራተኞቹ እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ይመዝገብልኝ፤ ማደያዬን ይዤ ቀርቤያለሁ።»

አቶ ደምሴ እየተጣደፈ ወረደ። «እትዬ! ላምባ መንግሥት ቢሮ ውስጥ? እሳት ቢነሳስ?»

«ባዶ ነው፣ ጌታዬ። ነዳጅ ጨምሮ የለ እንዴ? በምን እሞላዋለሁ?»

አቶ ደምሴ ቆጣ ለማለት ቅንድቡን ሰበሰበ። ከንፈሩ ግን እንቢ አለው። ዞሮ ግድግዳውን እያየ ሳቀ። ከዚያ እንደ መሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነገሩን እሱ ብቻውን መለወጥ እንደማይችል፣ ቅዳሜ በወረዳው አዳራሽ የግብር ከፋዮች ስብሰባ እንዳለና ከላይ ኃላፊ እንደሚመጣ፣ እዚያ ቢናገሩ እንደሚሻል ነገራቸው። ምስክር ይዘው ቢመጡም መልካም ነው አላቸው።

ምስክር ይዘው መጡ። ቅዳሜ አዳራሹ ሲከፈት እትዬ ዘርፌ ደንበኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። የፓስቲ ጠባሾቹ ሽርጣቸውን እንኳ አልፈቱም፤ የሌሊት ተረኛ የነበሩ የፋብሪካ ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ ተደርድረዋል፤ ጋሽ ቶላም ኮፍያቸውን አውልቀው አብረው ተቀመጡ። መድረኩ ላይ ከኃላፊው ጎንና ጎን የነጋዴ ተወካይ የተባሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ የብረታ ብረት አስመጪ፣ ባለሆቴልና የሲሚንቶ አከፋፋይ። እኔ ከጥግ ጠረጴዛ ይዤ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ።

ኃላፊው አዳራሹን ቃኘት አደረጉ። ሽርጦቹን አዩ። «የዛሬው ስብሰባ ግብር ከፋዮችን ብቻ የሚመለከት ነው» አሉ በጨዋነት። «ግብር ከፋይ ያልሆናችሁ አዳራሹን ብትለቁልን።»

ደንበኞቹ ተያዩ። ከፓስቲ ጠባሾቹ አንዷ፣ ጫልቱ የምትባል ረጅም ልጅ፣ አፍራ ብድግ አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተነሱ።

«ቁጭ በሉ!» አሉ እትዬ ዘርፌ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። ጠርሙሱ ወገብና አንገት ላይ ሁለት ቀይ ላስቲኮች ተጠልቀዋል። ከፍ አድርገው ለመድረኩ አሳዩት።

«ጌታዬ፣ ይሄ የላምባ ጠርሙስ ነው። እስከ ታችኛው ላስቲክ ያለው ላምባው ነው። ከዚያ እስከ ላይኛው ያለው የጫነው መኪናና የኔ እንጀራ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ አፉ ድረስ የመንግሥት ነው። ጫልቱ ጠርሙሷን ባዶ ይዛ ትመጣለች፤ የመንግሥትን ከፍላ ትሄዳለች። በየቀኑ። ደረሰኝ ጠይቃ አታውቅም፣ ቀርታም አታውቅም። ይቺን ነው ግብር ከፋይ አይደለሽም፣ ውጪ የሚሏት?»

ኃላፊው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። «እናቴ፣ ነዳጅ ላይ ግብር እንዳለ እውነት ነው። ይሄ ስሌት ግን ትክክል አይመስለኝም። ከየት አመጡት?»

«በግምት ነው፣ ጌታዬ። እናንተ እኔን በግምት፣ እኔም እናንተን በግምት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የሲሚንቶ አከፋፋዩ ሳይቀር ጠረጴዛውን መታ። እትዬ ዘርፌ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ፤ ይሄን ያውቁበታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል።

«ግብር አልከፍልም ያልኩ እንዳይመስልዎ። የመንገዱ መብራት ሲበራ ደስ ይለኛል፤ ልጄም የምትማረው በመንግሥት ኮሌጅ ነው። ግን አስቡት። ባለ ትልቅ መኪናው ሰውዬም ጫልቱም ነዳጅ ሲገዙ በየሊትሩ ያው ነው የሚከፍሉት። እሱ ለሽርሽር ነው፤ እሷ ለልጆቿ ራት ነው። ዕቁብ ላይ የሚጥል ሰው ዕጣ ሲወጣ ስሙ ይጠራል። እኛ በየጠርሙሱ እንጥላለን፤ ስማችን ሲጠራ ሰምተን አናውቅም። እነዚህ መድረኩ ላይ ያሉት ወኪሎቻችን ናቸው ተብሏል። ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም፤ ሲሚንቶውም ብረቱም ለአገር ይጠቅማል። ግን ከሦስታችሁ ላምባ የምትገዙ አላችሁ?»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ባለሆቴሉ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ጄኔሬተር ነው ያለኝ» አለ፣ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ ሰው። እንደገና ሳቅ ሆነ። ባለሆቴሉም ራሱ ሳቀ።

ጫልቱ ይሄኔ ድፍረቱ መጣላት። እንደቆመች እጇን አወጣች። «እኔ ግብር ከፋይ ነኝ» አለች። «አልወጣም። ስሜን ጻፉ።» ተመልሳ ቁጭ አለች። ሌሎቹም ቁጭ አሉ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የዚያን ያህል የኮራ አቀማመጥ አይቼ አላውቅም።

ኃላፊው ጠርሙሱን ተመለከቱ። ሰውዬው ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። «መጀመሪያ የተናገርኩትን አንስቻለሁ» አሉ። «ግብር ከፋይ ያልሆነ ሰው እዚህ የለም። ይሄ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።» ቃል በቃል ያዝኩት። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ቀጥለው ግን ወደ እትዬ ዘርፌ ወረቀት ተመለሱና ፊታቸው ተቀየረ። «ይሄን ግን ማነው የሠራው? እኚህን እናት ማደያ ብሎ የመዘገባቸው ማነው?»

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። እቤት ደግሞ የኔን ደመወዝ የሚጠብቁ አሉ። ልነሳ አስቤ ተውኩት። አንገቴን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ እትዬ ዘርፌ ጣታቸውን ወደ እኔ እስኪቀስሩ ጠበቅሁ።

«ሰው አይደለም፣ ጌታዬ» አሉ። «ልጁማ ላይ ታች ብሎ ፈለገኝ፤ አጣኝ። እኔን የመሰለ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሲስተሙ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ላምባ፣ በችርቻሮ። የተጠየቁት ግብር በልካቸው ወረደ። የስብሰባው ሰው እጅ አውጥቶ የቅሬታ ኮሚቴ አባል ስላደረጋቸውም፣ ሲሚንቶውና ብረቱ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ሐምሌ ሠላሳ ሳይደርስ መጥተው ከፈሉ፤ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ጠረጴዛዬን ዞረው ከጎኔ ቆሙ።

«እስቲ አሳየኝ፤ የቱ ጋ ነኝ?»

ዝርዝሩን አወረድኩላቸው። በለውዝና በልብስ ስፌት መካከል ነበሩ። ላምባ ላምባ በሚሸት ጣታቸው ስክሪኑን ነካ አደረጉት፤ ትንሽ ቅባት ቀረበት። «ፓርላማ ገባሁ በለኛ!» አሉ። ቅባቷን ለብዙ ቀን አልጠረግኳትም።

ያን ዕለት ከሥራ ወጥቼ ሱቃቸው ሄድኩ። ከገባሁ ጀምሮ ነገሩን አፌ ውስጥ ሳመላልሰው ቆየሁ። «እትዬ፣ ማደያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው ላይ መነሳት ነበረብኝ፤ ፈራሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጆሮህ ቀልቶ ነበር። በርበሬ የመሰለ ጆሮ ተይዞ ይዋሻል?»

«አልተቀየሙኝም?»

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለአንድ ልጅ እየቀዱ ነበር። ጠርሙሱን አስረክበው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሳስበው ሳስበው ብዙም አልተሳሳትክም። ማደያ ማለት የሚታደልበት ቦታ አይደል? ከመሸጥ ማደል ይሻላል። እኔን እናትና አባቴ እንዲያው ዘርፌ ብለው ነው የተዉኝ። አንተ ግን ስም አወጣህልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የክርስትና አባቴ ነህ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው የክርስትና አባቴ እያሉ ጠሩኝ። የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት አስፋልት ተሻግረው «የክርስትና አባቴ፣ ሰላም ነህ?» ሲሉኝ የማያውቅ ሰው ቆሞ ያየን ነበር።

ስሙም ተጣበቀ። የከባድ መኪና በር ላይ ጥቅስ የሚጽፍ ልጅ በሱቋ ግንባር ላይ በቀይና በቢጫ «ዘርፌ ነዳጅ ማደያ» ብሎ ጻፈላቸው፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «በጠርሙስ» ጨመረበት። ወያላዎቹ ወሬው ደረሳቸውና መጀመሪያ ለሳቅ፣ በኋላ በልማድ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስም ስላጡለት ቦታውን ማደያ ማለት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ናፍጣ አልቆበት መንገደኛ ቢጠይቅ «ማደያ? ገባ ብሎ ነው» አሉት። ያንን የሚያህል መኪና ተሳቢውን እየጎተተ በጠባቧ መንገድ ገብቶ ሱቋ በር ላይ ቆመ። እትዬ ዘርፌ ወጥተው ጎማውን ካዩ በኋላ ወደ ሾፌሩ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ጠርሙስ ይዘሃል?» አሉት። ሰውዬው መሪውን ተደግፎ ሲስቅ ክላክሱ ጮኸበት። የጎማ ጥገና ልጆቹ እውነተኛው ማደያ ድረስ ሄደው ናፍጣውን አመጡለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ጡሩንባ ሳይነፋላቸው አያልፍም።

ደንበኛን ሁሉ «ግብር ከፋዬ» ማለት የጀመሩትም ያኔ ነው። «ነይ ግብር ከፋዬ፣ ዛሬ ስንት ላድልሽ?» ይላሉ። መጀመሪያ ይሳቅ ነበር። ቆይቶ ግን ሰዉ ስሙን ለመደው፤ ሲለምደው ደግሞ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። ጠርሙሷ ከነላስቲኮቿ መደርደሪያው ላይ ቆማለች። ነዳጅ ላይ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር የላይኛው ላስቲክ ትንሽ ይወርዳል፤ ሰፈሩ ዜናውን ከሬዲዮ ሳይሆን ከላስቲኩ ይሰማል። ላስቲኩ አንድ ጊዜ ክፉኛ የወረደ ሰሞን፣ ክዳን የሌለው የመንገዱ ቱቦ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወደቁና እግራቸው ተጎዳ። እትዬ ዘርፌ ደንበኞቻቸውን ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ባዶ ጠርሙስ አስይዘው ወረዳው በር ላይ በሰልፍ አቆሟቸው። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ማን ናችሁ ሲባሉ «ግብር ከፋዮች ነን፤ ስለ ቱቦው ልንጠይቅ ነው» ይላሉ። ቱቦው በአሥራ አምስት ቀን ተከደነ። እትዬ ዘርፌ ክዳኑ ላይ ቆመው ሁለቴ ዘለሉ፤ «ጥሩ ነው፣ የኛው ላምባ ነው» አሉ።

በኋላ በኋላ ላምባ የሚገዛው ሰው ቀነሰ። የኤሌክትሪክ ምድጃ የገዛ ገዛ፤ ያልገዛም ዋጋው ስላልተቻለ ወደ ከሰል ሄደ። ሰላማዊት ነርስ ሆና እናቷን ሱቅ ዝጊና አርፈሽ ተቀመጪ ብትል አልሰማ አሏት። እኔም ሥራ ቀይሬ ከሰፈሩ ወጣሁ። ብቅ ስል «የክርስትና አባቴ፣ ሲስተሙ እንዴት ነው? አሁንም አለሁ?» ይሉኝ ነበር። «አሉ እንጂ» እላቸዋለሁ። ያቺን መስመር በሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ከፍቼ ማየት ልማዴ ነበር።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ ሰላማዊት አየችኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አለቀስን። ከዚያ በእንባ የራሰ ፊቷን ጠርጋ የታተመ ቅጽ እጄ ላይ አስቀመጠች። ዕድሩ አባሉ ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚያስሞላበት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

«አንተ ጻፈው» አለችኝ። «እማዬ ስም የሚያወጣልኝ እሱ ነው ትል ነበር።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ሥራ» የሚል መስመር መጣና ብዕሬ ቆመ። ያው ሳጥን ነው፤ ተከትሎኝ መጥቷል። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ዝርዝር የለውም። የፈለግሁትን መጻፍ እችላለሁ።

«ላምባ ነጋዴ በል» አለች ከጎኔ የተቀመጠችው ጫልቱ። ዛሬ የራሷ ምግብ ቤት አላት።

«የኮሚቴ አባል ማለት ይሻላል፣ ከበድ ይላል» አሉ ጋሽ ቶላ።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ያቺ ጠብ ጠብ የምትል ምርቃት ግን ትዝ አለችኝ። ስብሰባው ላይ ጣታቸውን ወደ እኔ ያልቀሰሩበት ቀን ትዝ አለኝ። አንዲት ቃል ጻፍኩና ቅጹን አጥፌ ሰጠሁ።

በቤተክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሰው ጢም ብሎ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ታሪኩን በተረጋጋ ድምፅ እያነበቡ መጡና «ሥራ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ንባባቸውን አቆሙ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ አራቁ። ከዚያ በመነጽራቸው በላይ ሰውን እየቃኙ ፈለጉኝ።

«ይቅርታ» አሉ። «‹ማደያ› ይላል እኮ። ተሳስተህ ነው?»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ጫልቱ ቀጠለች። ሰላማዊት እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሳቁ ግቢውን ሲያዳርስ፣ ሰው ሞቶ ይሳቃል ወይ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

«አልተሳሳትኩም» አልኳቸው። «እንደተጻፈው ያንብቡት።»